የመዝሙር ማጫወቻ ካሜራ ያስፈልገዋልን?



ዛሬ መዝሙር የምናዳምጥበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ፎቶ ያነሣል፣ ቪዲዮም ይቀርጻል። በእጃችን ያለው ስልክ ቴፕም፣ ሬዲዮም፣ ካሜራም ሆኗል። ስለለመድነውም እነዚህ ሁሉ የግድ አብረው መኖር ያለባቸው ይመስለናል። ነገር ግን ለልጃችን ማጫወቻ ስንገዛ ወይም ለገጠር አገልግሎት የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጫንበት ዕቃ ስንመርጥ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል። ማጫወቻው ካሜራ ሊኖረው ይገባልን?

ጥያቄው የዋጋ ብቻ አይደለም። በተለይ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ላለን አማኞች ጥያቄው ሰውን የመጠበቅም ነው። እስቲ በቅደም ተከተል እንየው።

ካሜራው ወደ ማጫወቻው እንዴት ገባ?

በኪስ የሚያዝ ማጫወቻን በዓለም ሁሉ ያስተዋወቀው የሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ዎክማን ነው። ዎክማን የተሠራው ፕሬስማን ከሚባል የጋዜጠኞች ድምፅ መቅረጫ ነበር። መሐንዲሶቹ የመቅረጫውን ክፍል አውጥተው ማጫወቻውን ብቻ አስቀሩ። በጊዜው መቅረጽ የማይችል ቴፕ ማን ይገዛዋል ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ። ዕቃው ግን በሚሊዮኖች ተሸጠ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ታዋቂ የኪስ ማጫወቻ የተወለደው አንድ ሥራ ተጨምሮለት ሳይሆን አንድ ሥራ ተቀንሶለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሳኤሃን የተባለው የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ኤምፒማን የተባለውን የኤምፒ3 ማጫወቻ ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2001 አፕል 5 ጊጋባይት የሚይዘውን የመጀመሪያውን አይፖድ አወጣ። ካሜራው የመጣው ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ቆሞ አዲሱ አይፖድ ናኖ የቪዲዮ ካሜራ እንደተገጠመለት አስታወቀ። በዚያ ወቅት ፍሊፕ የምትባል አነስተኛ የቪዲዮ ካሜራ በአሜሪካ በብዛት ትሸጥ ነበር፤ አፕልም ያንን ገበያ ፈልጎ ነበር። ናኖው 6.2 ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ስለነበረው ቪዲዮ እንጂ ፎቶ ማንሣት አይችልም ነበር።

ከዚያስ ምን ሆነ? ልክ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010፣ አፕል ካሜራውን ከናኖ አወጣው። ናኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ሽያጩ እስኪቆም ድረስ ካሜራው አልተመለሰለትም። በዚያው በ2010 ግን አይፖድ ተች የሚባለው ሰፊ ስክሪን ያለው ዕቃ ሁለት ካሜራ ተገጠመለት። እ.ኤ.አ. በ2013 የኋላ ካሜራ የሌለው ርካሽ ተች ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ በዓመቱ ግን ካሜራ ባለው ተተካ። አይፖድ በጠቅላላው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ተቋረጠ።

እንግዲህ ይኸው ኩባንያ ካሜራን በአንዱ ዕቃ ላይ አስቀርቶ ከሌላው ላይ ነቅሏል። ከዚህ የምንረዳው መልሱ ለሁሉም ዕቃ አንድ አለመሆኑን ነው። ለማዳመጥ ብቻ የሚያዘው ትንሹ ዕቃ ያለ ካሜራ ቀጠለ። የስልክን ያህል ብዙ ሥራ የሚሠራው ግን ካሜራ አስፈለገው።

በእኛ ዘንድ

አብዛኞቻችን ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲም ወደ ስልክ ተሸጋገርን እንጂ አይፖድ አልያዝንም። ሜሞሪ ካርዳችንን ይዘን ሙዚቃ ቤት ሄደን መዝሙር አስጫንን። ሬዲዮ፣ ባትሪ መብራትና የሜሞሪ ቦታ ያላት ትንሽ ስልክ ማጫወቻችን ሆነች። ከጀርባዋ ደግሞ ትንሽ ካሜራ ነበረች። እኛ ያንን ካሜራ መርጠን አልገዛነውም፤ ከስልኩ ጋር አብሮ መጣ። ያልመረጥነውን ነገር ደግሞ ቆም ብሎ መመርመር ተገቢ ነው።

ካሜራው ምን ይወስድብናል?

በመጀመሪያ ቦታ ይወስዳል። መካከለኛ ጥራት ያለው የአንድ ደቂቃ መዝሙር 1 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ጥሩ ቪዲዮ ግን ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። በሌላ መንገድ እናስላው። ለንግግር በሚበቃ ጥራት የተቀዳ የ20 ሰዓት ንባብ ከ600 ሜጋባይት ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። ይህ ቦታ ለቪዲዮ ቢውል ለ10 ደቂቃ እንኳ አይበቃም። ሜሞሪው ሞላ ተብሎ የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቆየው ንባብ ነው እንጂ ትናንት የተቀረጸው ቪዲዮ አይደለም።

ሁለተኛ ባትሪ ይወስዳል። ድምፅ ሲጫወት ስክሪኑ ጠፍቶ መቆየት ይችላል። ቪዲዮ ሲቀረጽ ግን ስክሪኑ፣ ካሜራውና ምስሉን የሚያቀናብረው ክፍል በአንድነት ይሠራሉ። ካሜራ የነበረው ናኖ ሙዚቃ ሲያጫውት እስከ 24 ሰዓት፣ ቪዲዮ ሲያሳይ ደግሞ 5 ሰዓት ያህል ይቆያል ተብሎ ነበር የተሸጠው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ይህ ትንሽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ርቆ መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው ግን ቻርጅ ማለት ወይ ትንሽ ሶላር ነው፣ ወይ በገበያ ቀን ስልኩን ይዞ ከተማ መውረድ ነው። በጃናሞራ ገደላ ገደል ይህ የሰዓታት መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ በርካሽ ዕቃ ላይ የተገጠመ ካሜራ የሚሰጠው ምስል ደካማ ነው። ካሜራ የሚሠራው ብርሃን ሰብስቦ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ትንሽ ሲሆን የሚሰበስበው ብርሃንም ትንሽ ነው። ስለዚህ ማታ በአንድ አምፖል በሚደረግ ጸሎት የተነሣው ምስል ጨለማና ነጠብጣብ ይሆናል። ለዚያ የተከፈለው ገንዘብ ለጠንካራ ባትሪ ወይም ለተሻለ ስፒከር ቢውል ይጠቅም ነበር።

ለማዳመጥ ብቻ የተሠሩ ዕቃዎች

ለድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ የተሠሩ ማጫወቻዎችን እንመልከት። ፌይዝ ካምስ ባይ ሂሪንግ የተባለው ድርጅት ፕሮክሌመር የሚባል ማጫወቻ አለው። በሶላርና በእጅ በሚዞር መዘውር ኃይል ያገኛል፤ ድምፁም ለብዙ ሰው ጉባኤ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1939 በሎስ አንጀለስ የተመሠረተው ግሎባል ሪኮርዲንግስ ኔትወርክም በእጅ እየተዞረ የሚሠራ ማጫወቻ አዘጋጅቷል። እነዚህ ዕቃዎች ካሜራ የላቸውም። የታሰቡት ማንበብ ለማይችሉና መብራት ለሌላቸው ሰዎች ስለሆነ አንዱን ሥራ በሚገባ እንዲሠሩ ተደርገው ነው የተዘጋጁት።

ይህ ዓይነቱ ዕቃ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ እናስታውሳለን። በዚያ ወቅት በሜሞሪ ላይ የተቀመጠ ንባብና መዝሙር የያዘ ሰው ማዳመጡን አላቋረጠም።

የሚሰማው ሰው የማይታይበት መብት

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ያሰራጭ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደርግ ወረሰው። በእነዚያ ዓመታት በየቤቱ ሬዲዮ ከፍቶ የሚያዳምጠው ሰው ማን እንደሆነ ጣቢያው አያውቅም፤ ጎረቤቱም ላያውቅ ይችላል። ሬዲዮ የሚሰማውን ሰው አያይም። ሰውየው ያደምጣል፣ ያስባል፣ ከራሱ ጋር ይማከራል፤ መናገር ሲፈልግ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይናገራል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 10 ላይ እምነትን ከመስማት ጋር እንደሚያያይዘው እናውቃለን። ለመስማት ደግሞ ሰው ፍርሃት የሌለበት ቦታ ያስፈልገዋል።

አሁን አንድ ነገር እናስብ። በደጋው ሠፈር አንድ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ንባብ እያዳመጠ ነው እንበል። ገና አልወሰነም። ለእናቱም ለአባቱም አልነገራቸውም። ከተቀመጡት አንዱ ማጫወቻውን አንሥቶ «አንድ ማስታወሻ ትቅር» ብሎ ይቀርጸዋል፤ ቪዲዮውም በሦስተኛው ቀን ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ይህ ወጣት ለቤተሰቡ ራሱ በአክብሮት ሊናገር የሚገባውን ነገር ሌላ ሰው ነጠቀው። ቤተሰቡም ከልጃቸው አፍ ሳይሆን ከጎረቤት ስልክ ሰሙት። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት፣ ዕድሩም ማኅበሩም ልቅሶውም የጋራ በሆነበት አገር ይህ ቁስል በቀላሉ አይሽርም። የቀረጸው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። ካሜራው በእጁ ስለነበረ ብቻ ነው ያደረገው።

ለሕመምተኛ ሲጸለይም እንዲሁ ነው። ሰው በደከመበት፣ በሚያለቅስበት ወይም ኃጢአቱን በሚናዘዝበት ሰዓት የተነሣ ምስል ከዳነ በኋላም ሲከተለው ይኖራል።

ሕጉ ምን ይላል?

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። የሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ የታወቀ ሰው ሲሆን ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ሲያያዝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን ሃይማኖታዊ እምነት ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ጋር ይመድባል።

ልዩነቱን ጎንደሬ በቀላሉ ይረዳዋል። በጥር ወር በአፄ ፋሲለደስ መዋኛ የሚከበረውን ጥምቀት ከዓለም ዙሪያ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይቀርጸዋል፤ የአደባባይ በዓል ነው። በአንድ ሰው ሳሎን አሥር ሰዎች ተሰብስበው የሚያደርጉት ጸሎት ግን አደባባይ አይደለም።

ካሜራ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ፍትሐዊ እንሁን። ካሜራ ራሱ ጠላት አይደለም። መስማት የተሳናቸው ወንድሞችና እኅቶች በምልክት ቋንቋ የሚማሩት በቪዲዮ ነው፤ ለእነርሱ የድምፅ ማጫወቻ ምንም አይጠቅማቸውም። ለሠርግ፣ ለምረቃና ለመዘምራን ዝግጅት ካሜራ ያስደስታል። በሩቅ አገር ያለ ልጅም የወላጆቹን ፊት የሚያየው በካሜራ ነው። ሁለት ዕቃ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ ሁሉን የያዘ አንድ ስልክ ትልቅ ቁጠባ ነው። እንግዲህ ስልኮቻችንን እንጣል ማለታችን አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የዕቃውን ሥራ አስቀድማችሁ ወስኑ። ለጋራ ማዳመጥ፣ ለትንንሽ ልጆችና ለገጠር አገልግሎት ከሆነ ካሜራ የሌለውን ምረጡ። ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል፣ ሬዲዮ ያለው ትንሽ ስፒከር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

2. ስልክ ብቻ ካላችሁ በማዳመጥ ሰዓት ገበታው ላይ ወይም መደቡ ላይ በጀርባው አስተኙት። የኋላ ካሜራው ይሸፈናል፤ የፊቱም ጣሪያውን ብቻ ያያል። ማንም በእጁ ካልያዘው የመቅረጽ ፈተናም ይቀንሳል።

3. የንባብና የመዝሙር ሜሞሪን ከፎቶና ከቪዲዮ ሜሞሪ ለዩ። አንዱ ሲሞላ ሌላው አይጠፋም።

4. ፈቃድ ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ለሌላ ከማሳየታችሁ በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ። «ይቅረጽ» ያለ ሰው «ይውጣ» አላለም። ለልጆች ወላጆቻቸውን ጠይቁ።

5. ለጸሎት የመጣን ሕመምተኛና አዲስ ሰውን ፈጽሞ አትቅረጹ። ምስክርነቱን መናገር የፈለገ ሰው ሲጠነክር ራሱ ይናገረዋል።

6. መሪዎች ይህን በጉባኤ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይናገሩ። አንድ ጊዜ የተነገረ ደንብ ከመቶ ጸብ ያድናል።

ወገኖች ሆይ፣ ማጫወቻ ካሜራ ይኑረው ወይስ አይኑረው ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ማዳመጫ እንዲሆን የተገዛ ዕቃ ያለ ካሜራ ይሻላል። የሚቆጥበው ባትሪና ሜሞሪ ራሱ ብዙ ነው። ከዚያም በላይ በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ያለ ፍርሃት ያዳምጣል። ካሜራ ያለውን የያዝን ደግሞ መቼ እንደምናነሣውና መቼ እንደምናስቀምጠው የምንወስነው እኛው ነን።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። ተባረኩ።