የጭቃ ላይ እሽቅድድምና የእግር ንጽሕና

በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ቀዩን አፈር እያጠበ ያመጣዋል፤ አፈሩም ረጥቦ እንደ ሙጫ በጫማ፣ በቸርኬና በከብት ኮቴ ላይ ይለጠፋል። ትልልቆቹ ሰዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው ዳር ዳሩን ሲሄዱ፣ ልጆች ግን ጭቃውን በደስታ ይቀበሉታል። ኳስ ያለው በኳሱ፣ ቢስክሌት የተከራየውም በቢስክሌቱ ከመካከሉ ይገባበታል። እናቶች ይቈጣሉ፤ መምህራንም ይቈጣሉ። እኛ ግን በዚህ ወር ጽሑፋችን ጭቃውን ልናወግዝ አልተነሣንም። ልጅ በጭቃ መጫወቱ ብቻውን የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ጤናውን የሚወስነው ወደ ጭቃው ሲገባ በእግሩ ያጠለቀውና ከጭቃው ከወጣ በኋላ ባለችው አንዲት ሰዓት የሚያደርገው ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን ሲክሎ ክሮስ የሚባለው የቢስክሌት ውድድር ነው። በአገራችን ገና የተለመደ አይደለም። የኢትዮጵያ ቢስክሌተኞች በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ ይህ ሁሉ ግን የአስፋልት መንገድ ውድድር ነው። ሲክሎ ክሮስ የሚደረገው በሜዳ፣ በጫካ፣ በአሸዋና በጭቃ፣ ያውም በአውሮፓ የዝናብና የብርድ ወራት ነው። ፈረንሳዮች የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮና ያደረጉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ሲሆን፣ የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ በ1950 በፓሪስ ተጀምሮ ዣን ሮቢክ የተባለው ፈረንሳዊ አሸንፏል። ተወዳዳሪው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ዙር ደጋግሞ ይዞራል፤ በመንገዱ ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሳንቃዎች ስለሚጋረጡበት ከኮርቻው ወርዶ ቢስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ይሮጣል። የ17 እና የ18 ዓመት ወጣቶች ለብቻቸው 40 ደቂቃ ያህል ይወዳደራሉ።

ለትምህርት በቤልጂግ አገር በነበርንበት ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ይህን ውድድር ለማየት እንሄድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ዐይናችንን የሳበው ግን ከገመዱ በስተኋላ የሚደረገው ሥራ ነበር። አንድ ወጣት ቅዳሜ በአንዱ ከተማ፣ እሑድ በሌላው ሲወዳደር አባቱ ሁለተኛ ቢስክሌት ይዞ ይጠብቀዋል። ልጁ ጭቃ የበላውን ቢስክሌት ወርውሮለት ንጹሑን ይዞ ሲሄድ፣ አባትየው በቀጭን ቧንቧ በሚፈነጥቅ ውሃ ካቴናውንና ፍሬኑን አጥቦ ለሚቀጥለው ዙር ያደርሰዋል። ውድድሩም እንዳለቀ ልጁ ስለ ውጤቱ ከመነጋገሩ በፊት ይቀመጣል፤ ጫማው ይወልቃል፤ እግሩ በሳፋ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ጣቶቹም መካከል ሳይቀር በፎጣ ይደርቃል። በቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጫረ ቦታ ካለ ለብቻው ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ካልሲና ደረቅ ጫማ ያደርጋል። እርጥቡ ጫማ ደግሞ ለእሑድ እንዲደርቅ አሮጌ ጋዜጣ ይጐሰርበታል፤ ይህን ዘዴ ማንኛውም የሶዶ ቤተሰብ ያለ አንዳች ወጪ ሊሠራበት ይችላል።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ሥራ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በ2000 ዓ.ም. በዌልስ አገር በቢልዝ ዌልስ ከተማ የሆነውን ይስማ። በዚያ በተደረገ የተራራ ቢስክሌት ውድድር ላይ መንገዱ በዝናብ ላቍጦ፣ የበግ በጠጥም ከጭቃው ጋር ተደባልቆ ነበር። ከውድድሩ በኋላ ብዙ ተወዳዳሪዎች በተቅማጥ ታመሙ፤ ሲመረመሩም ካምፒሎባክተር የተባለው ተሕዋስ ተገኘባቸው። ጭቃው ወደ አፋቸው የገባባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ታመው ነበር። በጐማው የሚፈናጠረው ጭቃ በመጠጫው ጠርሙስ አፍ ላይ ያርፋል፤ ልጁም ሳይጠርግ ይጠጣል። የእኛም ሜዳዎች ከብት የሚነዳባቸው ስለ ሆኑ ጠርሙሱ ክዳን እንዲኖረው፣ ከመጠጣትም በፊት አፉን በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል። ከመብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብንማ ለመምህራን መንገር ድፍረት ይሆንብናል።

አሁን ወደ እግሩ እንመለስ፤ ለወላይታ ትልቁ ነገር እርሱ ነውና። ያ የቤልጂግ ልጅ ጭቃ የሚነካው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአርባ ደቂቃ፣ ያውም በጫማ ነው። በዳሞት ጋሌ ወይም በቦሎሶ ሶሬ ገጠር የሚኖር እኩያው ግን ባዶ እግሩን ከሆነ ከብት ሲጠብቅም፣ ውሃ ሲቀዳም፣ ትምህርት ቤት ሲመላለስም ጭቃው አይለየውም፤ ማታም ሳይታጠብ የሚተኛበት ቀን አለ። ለእርሱ ውድድሩ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ቧንቧና ፎጣ ይዞ የሚጠብቀውም የለም።

ከዚህ የሚመጣው በሽታ በእኛ ቋንቋ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ነው። በቆላ አገር በቢምቢ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ዝሆኔ አለ፤ በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ የሚታየው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ትልም ተሕዋስም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ብዙ ዓመት መርምረው፣ ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር መሆኑን አስረድተዋል፤ በሽታውንም የግሪክን ቃል ተከትለው ፖዶኮኒዮሲስ ብለውታል፤ እግርና አቧራ ማለት ነው። ከአፈሩ የሚነሡት ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የሚተላለፍባቸውን ቀጫጭን ሥሮች እያስቈጡ በዓመታት ውስጥ ይዘጓቸዋል። ፈሳሹም መሄጃ አጥቶ እግር ያብጣል።

በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው አምስት ተኩል ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ከተዘነጉት የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል ቈጥሮታል።

ሕዝባችን በሽታውን የዘር ነው፣ አንዳንዱም መርገም ነው ይላል፤ በዚህም ሳቢያ ጋብቻ ይፈርሳል፤ ልጅም ከጨዋታ ይገለላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በወላይታ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርምር በተፈጥሮ ለበሽታው የሚጋለጡ ሰዎች እንዳሉ በእውነት አረጋግጧል፤ ሁለት ወንድማማቾች በባዶ እግር አድገው አንዱ ብቻ የሚታመመው ስለዚህ ነው። ነገር ግን በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ እብጠቱ አይደለም። አፈሩ እግሩን ካልነካው የተጋለጠውም ልጅ ከበሽታው ይድናል። ጫማ ለወላይታ ልጅ ከክትባት የማይተናነስ መከላከያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አንዳንድ ተማሪ ጫማ አድርግ ሲባል አበበ ቢቂላን ይጠቅሳል። እውነት ነው፤ አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮምን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። የሮጠው ግን በተነጠፈ መንገድ ላይ ነው፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲያሸንፍ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነበር። ተማሪው ሁለተኛውንም ታሪክ ይማር።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነትና በጉርምስና ነው። የእግር ማቃጠልና ማሳከክ፣ ማታ ማታ የሚታይ የእግር ፊት እብጠት፣ የጣቶች መወፈርና መራራቅ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። የስፖርት መምህር ልጆች ጫማ ሲያወልቁ የሚያይ ሰው ስለ ሆነ ከሐኪም በፊት ሊያውቅ ይችላል። በጎጃም በአነደድ ወረዳ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕሙማን እግራቸውን በየቀኑ በውሃና በሳሙና አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ ካልሲና ጫማ ሲያደርጉ፣ ሐኪም ሲያዝም በፋሻ ሲጠቀልሉ፣ አልጋ ላይ የሚጥላቸው የትኵሳትና የሕመም መነሣት በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ውድድር በሚደረግበት ቀን ከሜዳው ዳር ሁለት ባልዲ ውሃ፣ ሳሙናና ጨርቅ ይቀመጥ። ጫማ የሌለው ልጅ ይሩጥ ወይስ ይቅር የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እኛ ይሩጥ፣ ነገር ግን ወዲያው ይታጠብ፣ ጫማም እንዲያገኝ ወላጆች ኮሚቴው ይምከርበት እንላለን። እግሩ ያበጠውን ልጅ ከሰልፍ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ማንንም አያስይዝምና። በሶዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የሞሲ ፉት ማኅበር ከሕሙማኑ መካከል አንዳንዶችን ጫማ ሰፊነት አስተምሮ፣ ላበጠ እግር በልኩ ጫማ ሊሰፋለት እንደሚችል አሳይቷል። እብጠቱ ገና ሲጀምር ከተያዘ መቀነስ ስለሚችል፣ ምልክቱን ያየ መምህር የትምህርቱን መዘጋት ሳይጠብቅ ልጁን በዚያው ሳምንት ከወላጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው።