የጥር ቆጠራ በነጭ ዓባይ ዳር

ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ዓባይ በነሐሴ ሲሞላ ካርቱም ላይ ነጭ ዓባይን ይጫነዋል። ነጭ ዓባይም መውጫ ሲጠበው ወደ ኋላ ተኝቶ ዝቅተኛ ዳርቻዎቹን ያጥለቀልቃል። ከከተማዋ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በ1937 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የጀበል አውሊያ ግድብም ይህን ውሃ ይዞ ያቆየዋል። ውሃው ሲሸሽ ትልና የነፍሳት እጭ የሞላበት ለስላሳ ጭቃ ይቀራል። ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎች፣ ሽመላዎችና እግረ ረጃጅም የጭቃ ወፎች የሚያርፉት እዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ጊዜውም የእኛ የጥምቀት ሰሞን ነው። ያኔ ወፎቹ መጥተው ሰፍረዋል፣ ለመመለስም አልተነሱም፤ ስለዚህ አንዷ ወፍ ሁለት አገር ላይ የመቆጠሯ ዕድል ትንሽ ነው።

ቆጣሪው በማለዳ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይቆማል። በባይኖኩላሩ አሥር ወፎችን አንድ በአንድ ይቆጥርና የያዙትን ስፋት በዓይኑ ይለካል። ከዚያ ያንን ልክ እንደ እህል ቁና በመንጋው ላይ እየደጋገመ ይሰፍራል፤ መንጋው ሲበዛ ቁናውን ወደ መቶ ያሳድጋል። ጭልፊት ብቅ ካለ ሁሉም ብድግ ይላሉ፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ዓይን ትልቅ መንጋን አሳንሶ መገመት ይቀናዋል። እንደ እኔ ግን ይህ ያን ያህል አያሳስብም፤ በየዓመቱ በአንድ ቦታና በአንድ ዘዴ እስከተቆጠረ ድረስ ለውጡ ይታያል። 20,000 የውሃ ወፎችን በየጊዜው የሚያስተናግድ ረግረግ በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ሆኖ ሊመዘገብ የሚችለውም በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

ባዶ መዝገብና ዜሮ ግን ይለያያሉ። ዜሮ ማለት ሰው ሄዶ ወፍ አጣ ማለት ነው፤ ባዶ ማለት የሄደ ሰው የለም ማለት ነው። በሱዳን በ2023 እ.ኤ.አ. ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በካርቱም ነጭ ዓባይ ዳር የነበረው ጥንታዊው የሱኑት የግራር ደን ለማገዶና ለእንጨት ተጨፍጭፎ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ በእኛ ዝዋይ ወይም ጣና ላይ በአንድ ጥር ዳክዬ ቢበዛ፣ ከሱዳን የተፈናቀሉ ይሁኑ ወይስ በአውሮፓ በብዛት የተፈለፈሉ፣ የካርቱም ቁጥር ከሌለ መለየት ያስቸግራል።

ሌላም ጥያቄ አለ። የሕዳሴ ግድብ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ዓመቱን ሙሉ አመጣጥኖ ይለቃል። ያ የነሐሴ ሙላት ሲረግብ የካርቱም ጭቃ ይሰፋ ወይስ ይጠብ እንደሆነ ለማወቅ፣ የቀደሙት ዓመታት መዝገቦች ከአሁኖቹ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ለዚህም የሱዳን ቆጣሪዎች ወደ ወንዙ ዳር መመለስ፣ የእኛዎቹም ውጤታቸውን ከእነሱ ጋር መለዋወጥ ይኖርባቸዋል።