ቅዳሜን የሚወስድ ዲግሪ

ቅዳሜ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይታያል። አንደኛው ሐይቁን ሊያይ፣ ልጆቹን ሊያንሸራሽር፣ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ነው። ሌላኛው ከክፍል የወጣ ነው፤ ትከሻው ላይ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ እጁ ላይ ጠርዙ የተጣጠፈ ሃንድአውት ይዟል። ሦስት አራት ሆነው ቡና ያዝዛሉ። ወሬያቸው ስለ ግሩፕ አሳይመንቱ፣ ስለ ፋይናንሱ ፈተና፣ ስለሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያ ነው። ከመካከላቸው የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የክልል ቢሮ ባለሙያ አለ፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊ አለች። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ቢሮ ይገባሉ።

ጉዱማሌ በሲዳማ ዘንድ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌ የሚመርቅበት ሜዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሐዋሳ ላይ የሚከበረው እዚህ ነው። በአዘቦት ቀን ደግሞ የከተማው ሠራተኛ ጉዳዩን የሚመክርበት ቦታ ሆኗል። ከሚመከርባቸው ጉዳዮች አንዱ ዓመታት ያስቆጠረው ይህ ነው፦ ሥራ ሳልለቅ የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ (ኤምቢኤ) ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ይህ ትምህርት የሚያዋጣው ከሥራው ጠረጴዛ ጥያቄ ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው። ጥያቄ ሳይኖረው ወረቀት ብቻ ፈልጎ የሚመዘገብ ሰው ግን ገንዘቡንም፣ ቅዳሜውንም፣ የቤተሰቡንም ትዕግሥት ከስሮ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ የምለው ትምህርትን አቅልዬ አይደለም። ለምን እንደሚማሩ ሳያውቁ የጀመሩ፣ ቲሲሱ ላይ ሲደርሱ የተሰበሩ ጎበዝ ሰዎች ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ሥራ ሳይለቁ የሚማሩት ኤምቢኤ ራሱ የተፈጠረው ከሥራው ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነበር። ሐርቫርድ የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ለኃላፊዎች ታስቦ ከሥራ ጎን ለጎን የሚሰጠውን ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ የጀመረው ግን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዘመኑም 1943፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተማሪው ልምድ ስላለው አስተማሪው ከዜሮ አይጀምርም፤ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንዱ ለሌላው መጽሐፍ ነው። ዛሬ የተማረውን ነገ ቢሮው ውስጥ ይሞክረዋል፤ ያልሠራለትን ይዞ ተመልሶ ይከራከራል።

በእኛ አገር የዚህ ትልቁ ምሳሌ ማን እንደሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። አቶ መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ ገቡ፤ ከ17 ዓመት የትጥቅ ትግል በኋላ የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አገር እየመሩ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት የሚሰጠውን ኤምቢኤ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1995 አጠናቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ከኔዘርላንዱ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ማስተርስ ያዙ። ስለ ፖለቲካቸው አንባቢ የየራሱ አስተያየት ይኖረዋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዲግሪው ወንበር አላስገኘላቸውም፣ ወንበሩ አስቀድሞ ነበራቸው። ኢኮኖሚውን ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ መጽሐፉን የከፈቱት እሱን ይዘው ነው።

ጉዱማሌ ላይ ቡና የሚጠጡት ሰዎች አገር አይመሩም። ግን ብዙዎቹ የሚመሩት ነገር አላቸው፦ የብድር ክፍል፣ የመድኃኒት መጋዘን፣ የግዢ ኮሚቴ፣ የአባት ሱቅ። የሱቁን ሒሳብ በደብተር ሲይዝ የኖረ ሰው የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ምን እንደሆነ ሲማር፣ ለምን ሁልጊዜ እየሸጠ ሁልጊዜ ገንዘብ እንደሚያጥረው ይገባዋል። ዱቤው ረዝሟል፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ከርሟል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሂድ ተማር ማለት አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው የመንግሥት ሠራተኛው ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ናት። በርካታ ሰው ማስተርስ ሲይዝ ደመወዙ የሚጨምር ይመስለዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚያስተምር ሰው እውነት ነው፤ ማስተርስ ያለው ሌክቸረር ይሆናል፣ ደረጃውም ደመወዙም ይከተላል። ቢሮ ውስጥ ግን በሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን አሠራር ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው። ማስተርስ ይዘህ በዚያው መደብ ላይ ከተቀመጥክ የሚከፈልህ ያው ነው። ዲግሪው የሚሠራው ክፍት ቦታ ወጥቶ ስትወዳደር ነው፤ ክፍት ቦታው ደግሞ በአንተ እጅ አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል በዲግሪ የሚጀምር ሰው ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ያ ጭማሪ ማንንም ማስተርስ ይዘሃል ወይ ብሎ አልጠየቀም።

ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ የሥራ ዕድገት መሰላሉ ራሱ ተንቀሳቅሷል። ከተማዋ ለዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በዚያው ዓመት ሰኔ የሲዳማ ክልል ተመሠረተ፤ አዳዲስ ቢሮዎች፣ አዳዲስ መደቦች ተከፈቱ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀረው የደቡብ ክልል ሲከፋፈል ሌላው ሠራተኛ ወደ አዲሶቹ ክልሎች ተመደበ። ቤቱ ሐዋሳ፣ ሥራው ሌላ ከተማ የሆነበት ሰው ጥቂት አይደለም። የግሉ ዘርፍም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ በሰው ኃይል አስተዳደር፣ በምርት ክትትል፣ በሎጂስቲክስ ለሚሠራ ወጣት ኤምቢኤ ትርጉም የነበረው ያኔ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ትልቁ ኩባንያ ፒቪኤች መውጣቱን አስታወቀ፤ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 መጀመሪያ አንሥቶ ኢትዮጵያ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው አጎዋ ታገደች። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ሲጀመርና ሲያልቅ የሥራ ገበያው አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ለአንድ መደብ ብቻ ተብሎ የሚማሩት ዲግሪ አስጊ ነው፤ መደቡ ቢጠፋም እጅህ ላይ የሚቀር ሙያ መኖር አለበት።

አሁን ስለ ዋጋው። የትምህርት ክፍያውን ሁሉም ይቆጥረዋል፤ በእቁብ፣ በሠራተኞች ብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ ከወንድም በመበደር ይሸፈናል። የማይቆጠረው ሌላው ነው። አንድ የማውቀው ባለትዳር ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ከነእሁዱ ለክፍል ሰጥቷል፤ ማታ ማታ ደግሞ አሳይመንት ነበር። ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት የወሰደችው ሚስቱ ናት፤ ለቅሶ የደረሰችው፣ ዕድር የከፈለችው፣ እናቱን የጠየቀችው እሷ ናት። በምረቃው ቀን ጋውን የለበሰው እሱ ብቻ ነበር። ሴት ተማሪ ስትሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ቅዳሜ ከክፍል ወጥታ የሚጠብቃት የሳምንቱ ልብስና ወጥ ነው። ስለዚህ ልመዝገብ ብሎ የሚያማክረኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ቤት ውስጥ ተነጋግራችኋል ወይ ብዬ ነው። በጉዳዩ ላይ ሚስት ወይም ባል፣ እናት፣ ቤት ውስጥ ያለች ታናሽ እህት ሁሉ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል።

አንድ ነገር በምሬት ልናገር። በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ባሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሰውን ቲሲስ በክፍያ መሥራት ንግድ ከሆነ ቆይቷል። ደንበኛው በአብዛኛው ሥራ ላይ ያለው ተማሪ ነው፤ ጊዜ የለውም፣ አማካሪው ስልክ አያነሣም፣ ቀነ ገደቡ ደርሷል። አዝንለታለሁ፤ ግን ቲሲሱን የገዛ ሰው የዲግሪውን ፍሬ ራሱ ጥሎታል። በሥራ ላይ ላለ ሰው ከኮርሶቹ ሁሉ የሚጠቅመው ያ ጥናት ነበር። የራሱን ቅርንጫፍ የተበላሸ ብድር፣ የራሱን ጤና ጣቢያ የመድኃኒት እጥረት በመረጃ ሊያይበት፣ አለቃው ፊት ሊያቀርበው ይችል ነበር። በምትኩ የሌላ ከተማ ባንክ ላይ የተሠራ መጠይቅ ስሙ ተቀይሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ቀጣሪዎችም ይህን ያውቁታል፤ ወረቀቱን እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፍነው አይቀበሉም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ያለፈው 40.65 በመቶ ነበር፤ ከግል ተቋማት ያለፈው ደግሞ 17.2 በመቶ ብቻ። ይህ የማስተርስ ውጤት አይደለም፤ ግን ኤምቢኤ የሚያስተምሩትም በአብዛኛው እነዚያው ተቋማት ስለሆኑ ጥያቄው እነሱንም ይነካል። በመላው አገር ጥሩ የሚያስተምር የግል ኮሌጅ አለ፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜ ላይ የማይገባ መምህርም አለ። ስም ብቻ አይበቃም። የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት ዘርፉ፣ ለቅርንጫፉና ለአሰጣጡ ለየብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ሐዋሳ ላይ በርቀት ለሚያስተምረው ላይኖረው ይችላል። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመፈጸም በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ማጣራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በደንብ የሚታወቀው የቅርብ አማራጭ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1992 ዓ.ም. የአዋሳ ግብርና፣ የወንዶ ገነት ደንና የዲላ ኮሌጆች ተጣምረው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም ዋናው ሀብቱ እርሻና ደን ነበር፤ የንግድ ትምህርቱ በኋላ አድጓል። እዚያ ለመማር የሚያስብ ሰው የቀድሞ ተማሪዎችን ፈልጎ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ መምህሩ ስለ እናንተ መሥሪያ ቤት ጠይቋችሁ ያውቃል? መልሱ አዎ ከሆነ ትምህርቱ ለሠራተኛ የተዘጋጀ ነው። የማታና የቅዳሜ ተማሪ ከቀኑ ተማሪ ጋር አንድ ዓይነት ስላይድ እያየ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን ሰዓቱ ተቀየረ እንጂ ትምህርቱ አልተቀየረም።

ባለፈው ጊዜ ጉዱማሌ ላይ ያገኘኋት ሌላ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ለመመዝገብ ቆርጣ መጥታ ነበር። ምን ልትፈችበት ነው ስላት ብዙም አላሰበችም፤ መድኃኒት በየሩብ ዓመቱ ለምን እንደሚያልቅባት ማወቅ ትፈልጋለች። ያ ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳት፤ ግን ሁለት ልጆች አሏት፣ ታናሹ ገና ጡት አልጣለም። ከቤቷ ጋር ተነጋግራ ምዝገባውን ለአንድ ዓመት አቆየችው። እስከዚያ የሦስት ዓመቱን የመድኃኒት ገቢና ወጪ ከመጋዘኑ ቢን ካርድ እየለቀመች በኤክሴል ታስገባለች፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ማስተርስ ለመግባት ግድ ለሆነው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ማታ ማታ ትዘጋጃለች። ካለፈች በሚቀጥለው መስከረም ትጀምራለች፤ ባለቤቷ ቅዳሜን ከልጆቹ ጋር ሊውል ተስማምቷል።