አቦል ከሰማይ

በጥቅምት፣ ደመናው ከጉና ራስ ላይ ሲነሳ፣ የጋይንት ሌሊት ሌላ ነው። ብርዱ ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል፤ ሰማዩ ግን ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ አናትዎ ቀና ቢሉ አራት ኮከቦች የሠሩት ሰፊ አራት ማዕዘን ያገኛሉ፤ ፔጋሰስ በተባለው የኮከብ ስብስብ ስም የሚጠራው ነው። ከማዕዘኑ ምዕራባዊ ጎን ጥቂት ወጣ ብላ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ዓይኑ ጨለማ ለለመደ ሰው ብቻ የምትታይ ደብዛዛ ኮከብ አለች። 51 ፔጋሲ ይሏታል። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 50 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

መስከረም 25 ቀን 1988 ዓ.ም. ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ የተባሉ ሁለት ስዊዘርላንዳውያን፣ ይህችን ኮከብ የሚዞር ግዙፍ ፕላኔት አገኘን ብለው ፍሎረንስ ከተማ ላይ አወጁ። ክብደቱ የጁፒተርን ግማሽ ያህላል። ጉዱ ግን ዙሩ ነው፤ በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓት ኮከቧን ዞሮ ይጨርሳል። ሰኞ የጀመረውን ዓርብ ላይ ፈጽሞ ሌላ ይጀምራል ማለት ነው። ለፀሐያችን ከሁሉ የምትቀርበው ሜርኩሪ እንኳ 88 ቀን ይፈጅባታል፤ ጁፒተር ደግሞ 12 ዓመት ገደማ። ከኮከቧ ያለው ርቀት መሬት ከፀሐይ ካላት ርቀት አንድ ሃያኛው ቢሆን ነው፤ ሙቀቱም ብር ያቀልጣል።

ብዙዎች ማመን አቃታቸው። ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት የሚወለደው ከኮከቡ ርቆ፣ በረዶ በሚጠራቀምበት ብርድ ውስጥ ነው ሲባል ኖሯልና። ከምድጃው አፍ ላይ ምን ይሠራል? ቆይቶ የተደረሰበት ሐሳብ፣ ሩቅ ተወልዶ ኋላ ወደ ውስጥ ተሰደደ የሚል ነው። በሕፃንነቱ የከበበው ጋዝና አቧራ እየሳበ አመጣው ወይስ ሌላ ፕላኔት ገፍቶ ጣለው የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል።

ፕላኔቱን ያየው ሰው የለም። የታየው የኮከቧ መወዛወዝ ነው። ስማዳ ቆላ ወርዶ ማሽላ ጠባቂ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጠባቂው ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን ሲያሽከረክር የሚዞረው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ሰውየውም ወገቡ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጨለማ ወርዶ ድንጋዩ ባይታይ እንኳ ከሰውየው ውዝዋዜ ክብደቱን መገመት ይቻላል። ኮከብም እንዲሁ ናት።

ውዝዋዜው የሚነበበው ከብርሃኗ ነው። በወረታና ወልድያ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥንበታል፤ አልፎት ሲሄድ ይወፍርበታል። ብርሃንም፣ ኮከቧ ወደ እኛ ስትመጣ ወደ ሰማያዊ፣ ስትርቅ ወደ ቀይ ያደላል፤ ለውጡን የሚለካው ስፔክትሮግራፍ የተባለ መሣሪያ ነው። 51 ፔጋሲ በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ትወዛወዛለች። ጁፒተር ፀሐያችንን የሚያወዛውዛት በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ያንንም ለማየት 12 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ «ትኩስ ጁፒተሮች» የተባሉት፣ እንዲህ ለኮከባቸው የተጠጉ ግዙፍ ፕላኔቶች ቀድመው የተገኙት ስለበዙ አይደለም። እንደ ፀሐያችን ካሉ ኮከቦች መካከል ከመቶ አንዷ ብታገኝ ነው። ቀድመው የተሰሙት ጩኸታም ስለሆኑ ነው።

ከውዝዋዜው ሌላ ፕላኔት የሚታወቅበት ሁለተኛው ዘዴ የግርዶሽ ታናሽ ወንድም ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ጨረቃ ላሊበላ ላይ ፀሐይን የእሳት ቀለበት አድርጋ ስታስቀራት፣ ጋይንትም ላይ የፀሐይዋ አብዛኛው ገጽ ተሸፍኖ ነበር። የሩቁ ፕላኔት የሚሸፍነው ግን ኢምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤችዲ 209458 የተባለችው ኮከብ ፊት ፕላኔቷ ሲያልፍ የቀነሰው ብርሃን ከመቶ አንድ ተኩል ብቻ ነው፤ የእሳት እራት ፋኖስ ፊት እንደማለፉ። በየሦስት ቀን ተኩሉ ስለሚደጋገም ግን ማምለጫ የለውም።

የእኛም እጅ አለበት። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔቷን ስም እንዲያወጣላቸው ሲያድል፣ ኢትዮጵያ ኤችዲ 16175ን «ቡና»፣ ፕላኔቷን «አቦል» አለች። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በተባለችው በአንድሮሜዳ ክልል ውስጥ፣ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ናት፤ ያለ መሣሪያ አትታይም። ስሙን ብወደውም አንድ ቅሬታ አለኝ። አቦል ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ቢሆንም ትኩስ ጁፒተር አይደለም፤ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ990 ቀን ገደማ ነው። ትኩሱ፣ ቀድሞም የተቀዳው፣ የ51 ፔጋሲው ነበር። ግን ያ ለእኛ አልደረሰንም።

ነፋስ መውጫ ላይ ይህንን ለአክስቴ ስነግራት ጀበናውን ከማቶቱ ላይ አንስታ፣ ጭሱን በእጇ እያባረረች ሰማችኝ። ስኒዎቹን አንድ በአንድ ሞልታ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ታዲያ ልጄ፣ ቶናውስ?»

ቡናን የሚዞር ሁለተኛ ፕላኔት ከተገኘ ስሙ አያስቸግርም አልኳት።