ዱቄት መቼ ይታዘዛል?

ጋምቤላ ከተማ የተቆረቆረችው ዕቃ ለማከማቸት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። የካርቱም የእንፋሎት መርከቦች እዚያ የሚደርሱት ግን ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። ከጎሬና ከሳዮ በአጋሰስ የወረደው ቡና መርከብ እስኪመጣ መጋዘን ውስጥ ይቆያል፤ በመርከብ የመጣው ጨውም እስከ ቀጣዩ ክረምት መብቃት ነበረበት።

ዛሬ ጭነቱ በመኪና ነው፤ የአዲስ አበባው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ የከተማዋ ትንሽ አምራችም ስለ ክምችት ጥቂት ነገር ማወቅ አለበት።

ዳቦ ቤትን እንውሰድ። በጆንያ ያለው ዱቄት፣ እርሾውና ጨው ጥሬ ዕቃ ነው። ኩፍ እስኪል የሚጠበቀው ሊጥ በሂደት ላይ ያለ ምርት፣ መደርደሪያ ላይ የወጣው ዳቦ ደግሞ ያለቀለት ምርት ይባላል። ክፍፍሉ ለሒሳብ ሠራተኛ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ግን ጥቅሙ ይታያል፦ ዱቄቱ ለነገ ይቆያል፣ ዳቦውም ይሸጣል፤ በዚያ ሙቀት የተቦካው ሊጥ ግን ኮምጥጦ ይደፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን በአንድ ጊዜ ብዙ አለማቡካት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የማዘዣ ነጥብ ነው። ዳቦ ቤቱ በቀን 2 ኩንታል ይጨርሳል፣ የታዘዘው ዱቄትም በ5 ቀን ይደርሳል እንበል፤ 10 ኩንታል መሆኑ ነው። ጭነት ቢዘገይ ለ3 ቀን የሚሆን 6 ኩንታል መጠባበቂያ ሲጨመር ነጥቡ 16 ይሆናል። መጋዘን ውስጥ 16 ኩንታል ሲቀር ለአቅራቢው ይደወላል እንጂ የመጨረሻው ጆንያ እስኪራገፍ አይጠበቅም። ክረምት ገብቶ 5 ቀኑ 8 ከሆነ ነጥቡ ወደ 22 ከፍ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በበጋ ያሰላውን ይዞ ክረምቱን ሊሻገር ያስባል። ከልክ በላይ መከመርም ያከስራል፤ ገንዘቡ ይተኛል፣ ዱቄቱን ነቀዝ ይገባዋል። አዲሱ ጆንያ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት ይሁን፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ።

ይህን ሁሉ የሚይዘው ቢን ካርድ ነው፦ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ለገቢ ሞዴል 19፣ ለወጪ ሞዴል 22 መቁረጥን ያውቃል። ለዳቦ ቤት አንድ ደብተር ይበቃል፤ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት እስከተጻፈ ድረስ። ማታ በግምት የሚሞላ ደብተር ባይኖር ይሻላል።

ቆጠራ ለብዙዎች የሰኔ 30 ሥራ ነው። ለዱቄት ግን ዓመት ረጅም ነው። በየሳምንቱ ጆንያውን ቆጥረው ከደብተሩ ጋር ያመሳክሩ፤ ልዩነት ካገኙም ሠራተኛዎን ከመጠርጠርዎ በፊት ሳይጻፍ የወጣ ዕቃ እንዳለ ይፈትሹ።