የቪዲዮ ጌም ዋጋ ናረ፤ አዲስ ጨዋታ ግን ጠፋ

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ቆቦም ሆነ በሌሎች የሀገሪቱ ከተሞች፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን በማስቀመጥ ወጣቶችን በጨዋታ ልክ ማስከፈል በአነስተኛ ካፒታል የሚጀመር ሥራ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። ዛሬ ግን ካፒታሉ አነስተኛ አይደለም።

ሂሳቡ ግልጽ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ ሲቀርብ በአሜሪካ 499 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ እየቆየ ሲሄድ መርከስ ልማዱ ሲሆን፣ ይህኛው በኦገስት 2025 ወደ 549 ዶላር ከፍ ብሏል። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ ዓመት ሳይቆይ ከ130 ብር አልፏል። ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብ 28 ሺህ ብር ገደማ ይወጣበት የነበረው ማሽን ከ71 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ደንበኛው ግን ለዚህ ጭማሪ አዲስ ነገር አላገኘም። ምክንያቱ የሚገኘው ከአምራቾቹ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው "ስፓይደርማን 2" ሾልከው በወጡ የኩባንያው ሰነዶች መሠረት 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ሲሆን፣ ይህም የ2018ቱ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ገንዘቡ የሚያልቀው በአብዛኛው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ባለሙያዎች የዓመታት ደመወዝ ነው። ይህን ያህል ያወጣ ድርጅት ያልተሞከረ ሐሳብ አይደፍርም፤ የታወቀውን ስም "ቁጥር 2"፣ "ቁጥር 3" እያለ ያወጣል። ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ የሚታተመው የእግር ኳስ ጨዋታ በ2023 "ፊፋ" የሚለውን ስም ቢቀይርም ጨዋታው ያው እግር ኳስ ነው።

ነገሩ ለራያ ሰው እንግዳ አይደለም። ማዳበሪያና ዘር የተወደደበት ገበሬ አዲስ ዘር ሞክሮ ከሚከስር የለመደውን ማሽላ ይዘራል።

ይሁንና የለመዱትን መከተልም ከኪሳራ አያድንም። ሶኒ በኦገስት 2024 ያወጣው "ኮንኮርድ" በገበያው ላይ ከነበሩት የተኩስ ጨዋታዎች ብዙም ስላልተለየ ገዢ አጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሽያጭ ተነስቷል። በዚያው ዓመት አንድ ካናዳዊ ብቻውን የሠራው "ባላትሮ" የተባለ የካርታ ጨዋታ ግን እስከ ጃንዋሪ 2025 ድረስ 5 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል።

በሀገር ውስጥም በዚሁ መንገድ የሄዱ አሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 "ኩኩሉ" የተባለውን የሞባይል ጨዋታ ያወጣ ሲሆን፣ የጥንቱን ገበጣም ለስልክ አዘጋጅቷል። ገበጣ መሬት ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶችና በጠጠር የሚጫወቱት፣ ሐሳቡ ዘመን የተሻገረ ጨዋታ ነው።

ለባለ ጌም ቤቱ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። አዲሱን ማሽን ተከትሎ መሮጥ አያዋጣም፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለተጫወተበት እንጂ ለማሽኑ ዕድሜ አይደለም። በተጨማሪም አዳዲሶቹ ጨዋታዎች በየጊዜው ከኢንተርኔት የሚወርድ ማሻሻያ ይፈልጋሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡ ሲታወስ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና በደህና ዋጋ የተገኘ ያገለገለ ማሽን ይመረጣል። ገንዘቡን በዘርፉ ለማዋል ለሚያስብ ባለሀብት ደግሞ፣ በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛው ዕቃ ይልቅ በብር ደመወዝ የሚሠራው ትንሽ የሀገር ውስጥ ጨዋታ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።