ጥይት እየሄደም ይወድቃል

ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ መሬት ይወርዳል። ፍጥነቱ የቱንም ያህል ቢሆን የመሬት ስበት አይምረውም። የዛሬ ጠመንጃ ጥይት በሴኮንድ 800 ወይም 900 ሜትር ስለሚምዘገዘግ መውረዱ በቅርብ ርቀት እምብዛም አይታወቅም። ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ በሚጎርሰው በጥንቱ ጠመንጃ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሴኮንድ 300 ሜትር ገደማ የሚጓዝ ጥይት 100 ሜትር ላይ ሲደርስ አፈሙዙ ከጠቆመው መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ወርዷል። 200 ሜትር ላይ ከ2 ሜትር በላይ፣ 300 ሜትር ላይ ደግሞ ከ5 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ስለዚህ ተኳሹ ኢላማውን በቀጥታ እያየ አፈሙዙ ግን ቀና ማለት አለበት። ይህን የሚያደርግለት ማነጣጠሪያው ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ከፍ ሲደረግ፣ ዓይን ከፊተኛው ጫፍና ከኢላማው ጋር ለማሰለፍ ሲል አፈሙዙን ሳያስተውለው ወደ ላይ ያነሳዋል። ጥይቱ ከእይታው መስመር በታች ተነስቶ መስመሩን አቋርጦ ይወጣል፤ ጎብጦ ይወርድና ኢላማው ዘንድ ሲደርስ ሁለተኛ ያቋርጠዋል።

የዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1853 ለጦራቸው የመረጡት እንፊልድ የተባለው ጠመንጃ ነው። ከዚያ በፊት የብዙዎቹ ወታደሮች ጠመንጃ ውስጡ ልሙጥ፣ ጥይቱም ድብልብል እርሳስ ነበር፤ 100 ሜትር ካለፈ ሰውን መምታቱ የዕድል ጉዳይ ነው። ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ የተፈለፈለበት ጠመንጃ ጥይቱን እያሾረ ስለሚልክ እንደሚሻል እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ሮቢንስ ገና በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አስረድቶ ነበር። ችግሩ አጎራረሱ ላይ ነበር። ቦዩን እንዲይዝ እርሳሱ ጠበቅ ማለት አለበት፤ የጠበቀ እርሳስ ደግሞ በአፈሙዝ በኩል እስከ ታች ለማውረድ ጊዜና ጉልበት ይጠይቃል፤ ወታደር በጦር ሜዳ ሁለቱም የሉትም።

መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ ያበጀው ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ክሎድ ኤትየን ሚንዬ ነው። ጥይቱ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ከአፈሙዙ ትንሽ የቀጠነ፣ ከታች በኩል ደግሞ ጎድጎድ ያለ ነው። ስለቀጠነ ያለ ችግር ይወርዳል። ባሩዱ ሲፈነዳ ግፊቱ ጎድጓዳውን ክፍል ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ ያን ጊዜ እርሳሱ ቦዩን ጨብጦ እየሾረ ይወጣል። የእንፊልዱ ወታደር ባሩድና ጥይት የያዘውን የወረቀት ጥቅል በጥርሱ ቀድዶ ባሩዱን ያፈሳል፣ ጥይቱን ያስገባል፣ በብረት ዘንግ ገፍቶ ባሩዱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ የመዳብ ቆብ መዶሻው ሥር ይሰካል። ጥይቱ ባሩዱ ላይ በደንብ ካልተቀመጠና በመሃል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

የእንፊልዱ የኋላ ማነጣጠሪያ ቀረብ ብሎ ለሚያየው የሚያስደንቅ ሥራ ነው። በርሜሉ ላይ የተኛች ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ ሥሯ ባለ ደረጃ ነው፤ ተንሸራታቿ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው በወጣች ቁጥር ማነጣጠሪያው ለ100፣ ለ200፣ ለ300፣ ለ400 ያርድ ከፍ ይላል። ከዚያ ለሚርቅ ኢላማ ሰሌዳዋ ቀጥ ተደርጋ ትቆማለች፤ ተንሸራታቿም እስከ 900 ያርድ፣ ማለትም 820 ሜትር ያህል፣ ወደተጻፈው ቁጥር ትገፋለች።

ነገር ግን ቁጥሩን የሚመርጠው ሰው ነው። ማነጣጠሪያው ለ300 ያርድ ተስተካክሎ የጠላት ወገብ ላይ ቢያነጣጥሩ፣ ጥይቱ መንገዱ አጋማሽ ላይ ከእይታው መስመር 1.3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። በዚያ መሃል የቆመ ሰው ጥይቱ ከራሱ በላይ አልፎ ይሄዳል። ርቀቱን በ50 ወይም በ60 ሜትር አሳንሶ ወይም አብዝቶ የገመተ ተኳሽ፣ እጁ ባይንቀጠቀጥም ዓይኑ ባይስትም፣ ይስታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1853 በሃይዝ ከተማ የተኩስ ትምህርት ቤት የከፈቱትና ርቀትን በዓይን መገመትን ራሱን የቻለ ትምህርት ያደረጉት ለዚህ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንፊልድና የእሱ አቻ የሆነው ስፕሪንግፊልድ በሁለቱም ወገን በብዛት ተሠርቶባቸዋል፤ አብዛኛው ወታደር ግን እንዲህ ያለ ትምህርት አላገኘም። መኮንኖቹ ደጋግመው «ዝቅ አድርጋችሁ ተኩሱ» ይሉ የነበረው ጥይቱ ከራስ በላይ እየሄደ ስላስቸገራቸው ነው።

ርቀቱ ከታወቀና ጠመንጃው ካልተነቃነቀ ግን እነዚህ መሣሪያዎች ድንቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1860 በዊምብልደን የተኩስ ውድድር ሲከፈት፣ ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሠራው፣ የውስጡ ቅርጽ ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነ ጠመንጃ መደገፊያ ላይ ታስሮ ተዘጋጀ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከቃታው ጋር የታሰረውን የሐር ገመድ ሳቡ። ጥይቱ 400 ያርድ ተጉዞ ከኢላማው መሃል ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ርቆ አረፈ።

ዛሬም በአሜሪካ በአፈሙዝ በሚጎርሱ ጠመንጃዎች የሚያድኑና የሚወዳደሩ ብዙ ሰዎች አሉ። አዲስ ጠመንጃ ሲያስተካክሉ መሣሪያቸው ሞረድ ነው። ብዙ ጊዜ ፊተኛው ማነጣጠሪያ ሆን ተብሎ ረዘም ተደርጎ ይሠራል፤ ረዘም ሲል ጥይቱ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ እየሞረዱ ሲያሳጥሩት ከፍ ይላል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 75 ሴንቲሜትር ካለና ጥይቱ 50 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ፣ መነሳት ያለበት ብረት 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንዴ የተሞረደ ስለማይመለስ ጥቂት እየቀነሱ፣ እየተኮሱ ማየት ግድ ነው። የባሩዱም ልክ ከተኩስ ተኩስ መለወጥ የለበትም። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ግማሽ የሚያህለው ጥላሸትና ጨው ሆኖ ይቀራል፤ በርሜሉ ካልተወለወለ ቀጣዩ ጥይት እየጠበቀ ይሄዳል፣ የሚያርፍበትም ቦታ ይለዋወጣል።

የእንፊልድ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1866 እንግሊዞች የበርሜሉን የኋላ ጫፍ ቆርጠው በጎን የሚከፈት መዝጊያ ገጠሙለት፤ በአገራችን ሰናድር ተብሎ የታወቀው ጠመንጃ ይህ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ቁልቁል ሲወርድ የገጠመው እንግሊዞች የያዙትን ይህን አዲስ መሣሪያ ነበር፤ የጦሩ መሪ ፊታውራሪ ገብርዬም የወደቁት እዚያ ነው። ከእንፊልዱ ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው የአጎራረሱ ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተኮስ የነበረው አሥር ጊዜ ያህል ሆነ። የበርሜሉ ስፋት ግን ያው 14.7 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ ጥይቱም እንደ ድሮው ከባድና ቀርፋፋ ስለነበር መንገዱ አሁንም ጎባጣ ነው። እንግሊዞች ጥይቱን አቅጥነው የተሻለ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1871 በተቀበሉት በማርቲኒ ሄንሪ ነው።